ነፋስ በቆመ ቀን ማን ይከፍላል?

ጀልባ ተከራይቶ ለሽርሽር መውጣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪራዩን ዋጋ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ብዙ ጊዜ ኪራዩን ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ ነዳጁ፣ ስንቁ፣ የወደቡ ክፍያ፣ የመርከበኞቹ ጉርሻ፣ ለጉዳት የሚያዘው ገንዘብ። ዛሬ በሜዲትራኒያን ባሕር ከነሠራተኞቿ የምትከራይ የመዝናኛ ጀልባ ውል እንደ ደንቡ ሁለት ሒሳብ አለው። አንደኛው ቁርጥ ኪራዩ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የኪራዩን ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ሆኖ ለካፒቴኑ በቅድሚያ የሚሰጥ የመንገድ ወጪ ነው፤ በጉዞው መጨረሻ ደረሰኝ ተቆጥሮ የተረፈው ይመለሳል፣ የጎደለው ይሞላል። ሒሳቡ ለምን ለሁለት እንደሚከፈል ለመረዳት ከሚያግዙ ታሪኮች አንዱ፣ ለእኛም በጣም የሚቀርበው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ መንገደኞች በግብፅ፣ በዓባይ ላይ ይከራዩት የነበረው የደሀቢያ ጀልባ ታሪክ ነው። መንገደኞቹ ብዙ ጽፈዋል። የጻፉት ስለ ቤተ መቅደስና ስለ ፒራሚድ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሻማ፣ ስለ ዱቄትና ስለ በግም ነው። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ የጀልባ ሽርሽር ዋጋ የጀልባዋ ዋጋ ሆኖ አያውቅም የሚል ነው። ሰው የሚከራየው ጊዜ ነው፤ በጀቱን የሚወስነውም ነፋስ ሲቆምና ውሃ ሲጎድል የሚባክነውን ቀን ተከራዩ፣ አከራዩ ወይስ መርከበኛው ይሸከመዋል የሚለው ስምምነት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሀቢያ ረጅም፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የምትሄድ ጀልባ ነበረች። በስተኋላዋ የተሳፋሪዎቹ ክፍሎች እንደ ቤት ተደርድረዋል። በስተፊቷ ያለው ገላጣ ወለል መርከበኞቹ የሚቀዝፉበትም የሚተኙበትም ስፍራ ነው፤ ማድ ቤቱም ጭሱ እንግዶቹ ዘንድ እንዳይደርስ ወደ ፊት ተገፍቶ የተሠራ ነው። ዓባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲወርድ፣ ነፋሱ ደግሞ በብርዱ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ሽቅብ የሚወጣው በሸራ ነው፤ ቁልቁል ሲመለሱ ትልቁ ሸራ ከነተሸካሚ እንጨቱ ወርዶ ጀልባዋ በወንዙ ጉልበትና በመቅዘፊያ ትሄዳለች። ሽቅብ ጉዞ ላይ ነፋስ ከቆመ ግን መርከበኞቹ ወደ ዳር ወርደው፣ ገመድ በትከሻቸው አድርገው፣ ጀልባዋን ከነእንግዶቿ ይጎትታሉ። ከካይሮ አስዋን በወንዙ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልሱ ሁለት ወር ያህል ይፈጅ ነበር፤ ከአስዋን አልፎ እስከ ዋዲ ሐልፋ ለሚዘልቅ ደግሞ ሦስት ወር ገደማ። አንድ ሳምንት ነፋስ ከጠፋ ግምቱ ሁሉ ይፋለሳል።

የጉዞውን ወቅት የሚቆርጠው ግን ከነፋሱ ይልቅ ውሃው ነበር፤ ውሃው ደግሞ የእኛ ነው። በአስዋን ከሚያልፈው የዓመት ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ ነው፤ አብዛኛውም በክረምታችን የሚሞላው የዓባይና የተከዜ ጎርፍ ነው። ሙላቱ በመስከረም አካባቢ ግብፅ ላይ ከፍተኛው ደረጃ ይደርስና ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይቀንሳል። በኅዳር የተነሣ መንገደኛ ሰፊና ጥልቅ ወንዝ ያገኛል፤ በጥር የተነሣ ደግሞ ሲመለስ አሸዋ ላይ መቀመጥ ይጠብቀዋል። በዚህም የተነሣ ካይሮ ላይ ለኪራይ የሚደረገው ድርድር በጎጃምና በትግራይ ተራሮች ከዘነበው ዝናብ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ተደራዳሪዎቹ ግን ይህን አያስቡትም። በ1888 በአገራችን ዝናብ ጠፍቶ ክፉ ቀን ሲጀምር፣ በግብፅም ሙላቱ ዝቅ ብሎ ብዙ እርሻ ጦም አድሯል። ሰው በረኀብ ባለቀበት ዓመት ስለ ሽርሽር ጀልባ ማውራት ይከብዳል። ቢሆንም ለዚህ ሒሳብ የሚጠቅም እውነት አለበት፦ የተከራዩን በጀት የሚያናጋው ኃይል ከውሉ ውጪ፣ ከአገሩም ውጪ ነበር፤ ሬይሱም (የጀልባው አለቃ)፣ ተከራዩም ሊያዙት አይችሉም። ማንም የማያዘውን ነገር ኪሳራ ደግሞ አንድ ሰው መሸከሙ አይቀርም።

በ18ኛው መቶ ዘመን ይህን ሸክም ወደ ሬይሱ መግፋት ቀላል ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ጎንደር ያቀናው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1768 ከካይሮ በጀልባ ሲነሣ፣ ሬይሱ ለመልካም ጠባዩ ዋስትና እንዲሆን የገዛ ልጁን መያዣ አድርጎ ነበር። ዛሬ መያዣ የሚያስይዘው ተከራዩ ነው፤ ጀልባዋን ቢያጋጭ፣ ሸራዋን ቢቀድ ከመያዣው ይቆረጥበታል። በብሩስ ዘመን ግን ተከራዩ በማያውቀው ወንዝ፣ ሹማምንት በሚዋጉበት አገር፣ ንብረቱንና ነፍሱን ለአንድ ጀልበኛ አሳልፎ ይሰጣል። የሚፈራው የኪራይ ጭማሪ አይደለም፤ መዘረፍና መገደል ነው። መያዣውም ፍርሃቱን ያህል ከባድ ሆነ። ከ1805 በኋላ ግብፅን የገዛው መሐመድ አሊ ወንዙን በአንድ መንግሥት እጅ ሲያስገባ ይህ ፍርሃት እየቀነሰ መጣ፤ ዋስትናውም ሰው መሆኑ ቀርቶ በቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሚፈረም ወረቀት ሆነ። ወረቀቱ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። የውጭ አገር ሰው የሚዳኘው በራሱ ቆንስላ ነው፤ ሬይሱና መርከበኞቹ ግን ተከራዩ ባማረረባቸው ጊዜ በአገራቸው ሹም ፊት ቀርበው እስከ መገረፍ ይደርሱ ነበር። የውሉን አንቀጾች ስናነብ ይህን ሚዛን መርሳት የለብንም።

ውሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር በጀትም የሚጻፍ ነገር ሆነ። የግብፅን ጥንታዊ መቃብሮች ለዓመታት ያጠናው ጋርድነር ዊልኪንሰን ለለንደኑ አሳታሚ ለጆን መሬይ በ1847 ያዘጋጀው የመንገደኛ መምሪያ፣ ከታሪክ መጽሐፍነቱ ጎን ለጎን የወጪ መመሪያ ነው። ከካይሮ ምን መገዛት እንዳለበት፣ ከአውሮፓ ምን መምጣት እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የአይጥ ወጥመድ እንኳን አልቀረም። ጀልባው ከመያዙ በፊት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንዲወጣ ይመክራል፤ አይጡና ተባዩ የሚጠፋው በዚያ ነው። ለዘመኑ አንባቢ ይህ የሚያስደነግጥ ምክር ነው፣ ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፦ ተከራዩ የሚረከበው ባዶ እንጨት ነበር። አልጋው፣ ሳህኑ፣ መጋረጃው፣ ሻማው፣ ከሰሉ፣ የሁለት ወር ስንቁ ሁሉ የእሱ ጣጣ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1849 መጨረሻ ከወዳጆቿ ጋር ወደ አቡ ሲምበል ስትጓዝ ጀልባዋ በወር 30 ፓውንድ ተከራይታለች። ይህን ቁጥር ብቻውን የሚያይ ሰው ጉዞው ርካሽ ነበር ሊል ይችላል። ነገር ግን ከስንቁ፣ ከአስተርጓሚው፣ ከአብሳዩ፣ ከጉርሻው ተነጥሎ የቆመ ቁጥር ስለ ጉዞው ዋጋ የሚነግረን ጥቂት ነው። የድሮ ኪራዮችን ከዛሬዎቹ ጋር የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ደጋግመው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ዘመን ስንቁን ከኪራዩ ጋር ሲቆጥር ሌላው ለየብቻ ይቆጥራል።

የኪራዩ ዓይነት ራሱ ሁለት ነበር፤ በወር ወይም በቁርጥ ጉዞ። ግንበኛን በቀን ሒሳብ ያሠራና በቁርጥ ያሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በወር የተያዘች ጀልባ ታዘግማለች፤ የቆመ ነፋስ ለሬይሱ ገቢ ነው፣ ለተከራዩ ወጪ። በቁርጥ የተያዘችዋ ትሮጣለች፤ ሬይሱ በመልካም ነፋስ ፊት አንድ ሰዓት መቆም አይወድም፣ ተከራዩ ግን የከፈለው ፍርስራሹን ለማየት ነው። መምሪያዎቹና የቆንስላ ውሎቹ ይህን ቅራኔ በዝርዝር ለማስታረቅ ሞክረዋል፦ ነፋስ ካለ ጀልባዋ መሄድ አለባት፤ ነፋስ ከሌለ መርከበኞቹ በቀን ብርሃን በገመድ ይጎትታሉ፤ ለጉብኝት ይህን ያህል ቀን መቆም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ያለፈው በቀን ይታሰባል። ከዛሬው የጀልባ ውል ጋር ቢቀመጥ መንፈሱ አንድ ነው። በኋላ ሦስተኛ መንገድ መጣ። አስተርጓሚው ራሱ ተቋራጭ ሆኖ፣ ጀልባውን፣ ምግቡን፣ አህያውን፣ ጉርሻውን አንድ ላይ ጠቅልሎ በቀን ይህን ያህል ብሎ መዋዋል ጀመረ። ለተከራዩ እፎይታ ነው። ለአስተርጓሚው ደግሞ ቁማር ነው፤ ነፋስ ከረዳው ያተርፋል፣ ካልረዳው ከዶሮውና ከቡናው ይቆርጣል። ጠቅላላ ዋጋ ሸክሙን እንደማያጠፋው፣ ከዓይን እንደሚሰውረው ብቻ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ይህን ገበያ በዝርዝር ከገለጹት አንዷ እንግሊዛዊቷ ደራሲ አሚሊያ ኤድዋርድስ ናት። በ1873 መጨረሻ ካይሮ ደርሳ በቡላቅ ወደብ የተደረደሩትን ደሀቢያዎች እያገላበጠች ስታይ፣ ዋጋው በየቀኑ እንደሚለዋወጥ፣ ከአውሮፓ የሚመጣው መንገደኛ ሲበዛ እንደሚንር፣ ሬይሶቹም የቀድሞ ደንበኞች የጻፉላቸውን የምስክር ወረቀት እያወጡ እንደሚያሳዩ ጽፋለች። ጀልባዎቹ ቦታ ስለሚቀያየሩ ትናንት ያዩትን ዛሬ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። በመጨረሻ የያዘቻት ፊሌ የተባለችው ጀልባ 100 ጫማ ያህል ርዝመት ነበራት፤ ሬይሱን፣ መሪ ያዡን፣ አብሳዮቹንና አስተናጋጆቹን ጨምሮ ሃያ ሰው ይሠራባት ነበር። ኤድዋርድስ ለተከታዮቿ ያስቀመጠችው ትልቅ ስጦታ አንድ ቁጥር ነው፦ ምግቡ፣ የአስተርጓሚው ደመወዝ፣ የጀልባው ኪራይ፣ የአስዋን ፏፏቴ ማለፊያ ክፍያ፣ ከወይን ጠጅ በቀር ሁሉም ተደምሮ በቀን 10 ፓውንድ ያህል ወጥቷል። በዘመኑ ከተጻፉት ብዙ ቅሬታዎች ይልቅ ይህ አንድ መስመር ይጠቅማል፤ ሁለቱን ሒሳብ አንድ ላይ ስለሚያስቀምጥልን። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን መንገደኞቹ በጣም ያማረሩበትን ወጪ ማየት ያስፈልጋል፦ ጉርሻውን። በየታወቀው ከተማ ለመርከበኞች የሚሰጥ ገንዘብ፣ ለበዓል ወይም ፏፏቴው በሰላም ሲታለፍ የሚታረድላቸው በግ፣ ለጠባቂው፣ ለአህያ ነጂው፣ ለልጁ። የጉዞ ማስታወሻዎቹ ይህን ልመናና ብዝበዛ ይሉታል። በጉርሻው ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ቁርጥ ዋጋ የመጣው እኮ ይህን ለማስቀረት ነው የሚል ክርክርም አለ። የመርከበኞቹን ኑሮ ስናይ ግን ፍርዱ ይለወጣል። መርከበኛው ከእንግዶቹ ማዕድ አይበላም፤ ስንቁን ራሱ ይችላል። ስለዚህ ነው ውሉ ውስጥ ጀልባዋ በአስዩትና በኢስና አንድ አንድ ቀን እንድትቆም የሚደነገገው፤ መርከበኞቹ እዚያ ስንዴ ወይም ዱቄት ይገዛሉ፣ በሕዝብ ምድጃ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ቆራርሰው በጀልባው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፣ ከዚያ ለሳምንታት በምስር ሾርባ እያራሱ ይበሉታል። ተከራዩ ለዚያ ቀን መቆም ሲያጉረመርም የሚያጉረመርመው በሠራተኛው የምሳ ሰዓት ነው። ደመወዛቸው ትንሽ የሆነው ጉርሻው እንደሚሞላው ሁሉም ወገን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነበር፤ መምሪያዎቹም የት የት እንደሚሰጥ ይጽፉ ነበር። ቦታው የታወቀ፣ ልማዱ የጸና፣ መጽሐፍ ላይ የታተመ ክፍያ ድንገተኛ ወጪ ሊባል አይችልም። የደመወዝ ክፍል ነው። ተከራዩ በበጀቱ ውስጥ ሳያስገባው ቀርቶ በኋላ ቢያማርር፣ ጥፋቱ የሒሳቡ እንጂ የመርከበኛው አይደለም።

የፏፏቴው ክፍያም እንደዚሁ ነው። ከአስዋን በላይ ወንዙ በአለት መሃል እየተሰነጣጠቀ ይወርዳል። ሽቅብ ለማለፍ የአካባቢው ሼኾች ጀልባዋን ይረከባሉ፤ ብዙ ሰው በገመድ ይጎትታታል፣ ዋናተኞች ገመዱን ከአለት አለት ያሻግራሉ፤ ሥራው ቀናትን ሊፈጅ ይችላል። መንገደኞች ይህንንም ሆን ተብሎ የሚጓተት ሥራ ነው ብለው ከሰዋል። አንዳንዱ ክስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛ የሆነ ባለሙያ ዋጋ ማስወደዱ የትም ያለ ነው። ነገር ግን አለቱን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፣ ጀልባ ቢሰበር ስማቸውና እንጀራቸው አብሮ ይሰበራል። ዛሬ ጠባብ ወደብ ሲገባ ለአካባቢው መሪ መርከበኛ የሚከፈለውን ክፍያ ማንም ብዝበዛ አይለውም።

አሁን ወደ እንግሊዛዊው የጉዞ አዘጋጅ ወደ ቶማስ ኩክ እንምጣ። ኩክ የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎቹን በ1869 መጀመሪያ፣ የስዊዝ ቦይ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት፣ በእንፋሎት መርከብ በዓባይ ላይ ይዞ ወጣ። በተከታዩ ዓመት ልጁ ጆን ሜሰን ኩክ የግብፅ መንግሥት መርከቦች የመንገደኛ ወኪል ሆነ፤ በ1880 ደግሞ መርከቦቹን ብቻውን የማስተዳደር መብት አገኘ። ካርቱም ላይ የተከበበውን እንግሊዛዊ ጄኔራል ጎርደንን እንዲያድን የተላከውን ጦር በ1884 ሲያጓጉዝ መርከቦቹ ክፉኛ ተጎዱ፤ ከዚያ በኋላ የራሱን አዳዲስ መርከቦች አሠራ። በ1890ዎቹ ከካይሮ አስዋን ደርሶ መልስ ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ጉዞ በአንደኛ ደረጃ 50 ፓውንድ ገደማ ነበር። በዚህ ውስጥ ምግቡ፣ አህያው፣ አስጎብኚው ተካቷል፤ ወይን ጠጁ እንደ ኤድዋርድስ ሒሳብ ሁሉ ለብቻው ነው። የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይህን የሚያቀርቡት ርካሹ ዋጋ ውዱን አሸነፈ ብለው ነው። ኤድዋርድስ ራሷም ደሀቢያውን ውድና ዘገምተኛ፣ ነገር ግን የሚያስደስት፣ የእንፋሎት መርከቡን ርካሽና ፈጣን ብላ ለይታቸዋለች።

ሒሳቡን ብንሠራው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በቀን 10 ፓውንድ ለሁለት ወር 600 ፓውንድ ይሆናል። ለአምስት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 120 ነው፤ በቀን 2 ፓውንድ። የእንፋሎት መርከቡ 50 ፓውንድ ለ21 ቀን ሲካፈል በቀን ከ2 ፓውንድ ከ7 ሺሊንግ ይበልጣል። በነፍስ ወከፍና በቀን ሲታሰብ፣ አምስት ሆነው ለተከራዩ ሰዎች ደሀቢያው ከእንፋሎት መርከቡ ያንስ ነበር ማለት ነው። አራት ከሆኑ ዋጋው ይቀራረባል፤ ሦስትና ሁለት ከሆኑ ደሀቢያው በግልጽ ይወደዳል። ሁለቱ ቁጥሮች የሃያ ዓመት ያህል ልዩነት እንዳላቸው አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት በእንግሊዝ የዕቃ ዋጋ ወደ ታች ሲሄድ እንጂ ሲወጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ማስተካከያው የኔን ክርክር ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። የኩክ ርካሽነት ከቀኑ ዋጋ የመጣ አልነበረም። ቀኖቹን በማሳነስ የመጣ ነው። ሁለት ወሩን ሦስት ሳምንት አደረገውና ጠቅላላ ድምሩ ብዙ ሰው ሊከፍለው ወደሚችል ልክ ወረደ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተራው ሰው የሚያስበው ስለ ጠቅላላ ድምሩ ነው፣ በቀን ስንት ይደርሳል ማለት 120 ፓውንድ ላለው ሰው ብቻ የሚመች ስሌት ነው የሚል። ይህ እውነት ነው። አብዛኛው የእንግሊዝ ሠራተኛ በዓመት 100 ፓውንድ እንኳን በማያገኝበት ዘመን 50 ፓውንድም ቢሆን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ 120ው ደግሞ ከነአካቴው የማይታሰብ ነው። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ቄሱ ዓባይን ያዩት በኩክ ምክንያት ነው፣ ይህን ማሳነስ አይገባም። ከዚህም በላይ ኩክ የሸጠው አንድ ነገር ነበር፤ ካይሮ ሳይደርሱ፣ ለንደን ላይ ሆነው የሚያውቁት ድምር። ከአራት ጓደኛ ጋር ለሁለት ወር መጓዝ፣ ጀልባ ማማረጥ፣ ከሬይስ ጋር መደራደር የማይችል ብቸኛ መንገደኛ ለእርግጠኝነት ተጨማሪ ቢከፍል ሞኝነት አይደለም። ለዚያ እርግጠኝነት ያበቃው ደግሞ ከሰል ነው። የእንፋሎት መርከብ ነፋስን አይጠብቅም፤ የሚባክነው ቀን ዋጋ ወደ ከሰል ዋጋ ተለወጠ፣ የከሰል ዋጋ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። አሸዋው ግን ቀርቷል። መርከቦቹ በውሃ መጉደል ጊዜ አሸዋ ላይ ሲቀመጡ ኪሳራው የኩባንያው ነበር፤ ኩባንያውም ኪሳራውን በሌሎች ጉዞዎች ላይ አከፋፍሎ በቲኬቱ ውስጥ ያስገባዋል። ጉርሻውም አልቀረም። በሐውልቶቹ ደጅ የሚከፈለው ደግሞ መልኩን ለወጠ፤ የቅርስ አስተዳደሩ ለላይኛው ግብፅ ፍርስራሾች 100 ፒያስትር፣ በኋላም 120፣ የሚያወጣ ጠቅላላ ቲኬት አደረገበት።

ደሀቢያው ወዲያው አልሞተም። ኩክ ራሱ ያከራያቸው ነበር፤ ነገር ግን ከጋራ መጓጓዣነት ወደ ባለጸጋ ቤተሰብ ሽርሽርነት ተሸጋገሩ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በሰናፍጭ ንግድ የበለጸገው የኖርዊች ከተማው የኮልማን ቤተሰብ ነው። በ1896 የብርድ ወራት የታመመ ልጃቸውን አየሩ ይሻለዋል ብለው ሐቶር በምትባል ደሀቢያ ወደ ላይኛው ግብፅ ወሰዱት፤ ልጁ በ1897 በሉክሶር ሞተ። እህቶቹ ኤቴልና ሔለን በ1905 በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ወንዞች ላይ የምትሄድ የመዝናኛ ጀልባ ሲያሠሩ ስሟን ሐቶር አሏት፤ ውስጧንም በግብፅ ሥዕሎች አስጌጡት። ያቺ ጀልባ እስከ ዛሬ አለች፤ የሚገርመው እሷም በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ከነመርከበኞቿ ስትከራይ የኖረች መሆኗ ነው።

የቀረውን የጨረሱት ባቡርና ግድብ ናቸው። ባቡሩ በ1874 አስዩት፣ በ1898 ደግሞ ሉክሶርና አስዋን ደረሰ። በ1902 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ለጀልባ ማለፊያ በር ተሠራለት፤ ጀልባዎችን በገመድ ሲጎትቱ የኖሩት የፏፏቴው ሰዎች ጥንታዊ ገቢያቸውን በአንድ የምህንድስና ሥራ አጡ። በጉዞ በጀቱ ውስጥ አንድ መስመር ጠፋ፤ ለመንደሮቹ ግን የጠፋው መተዳደሪያ ነው። በ1970 የተጠናቀቀው ትልቁ ግድብ ደግሞ የኢትዮጵያን ክረምት ከግብፅ ወንዝ ጉዞ ለየው፤ ሙላቱ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ቀረ፣ አሮጌው ዋዲ ሐልፋም ከውሃው በታች ሆነ፣ ከካይሮ እስከዚያ ባንድ ጀልባ የመሄዱ ነገርም አበቃ።

ባለፉት አሠርት ዓመታት ደሀቢያዎች እንደገና ተሠርተው፣ በተለይ በኢስናና በአስዋን መካከል፣ ጥቂት ሌሊት ለሚቆዩ እንግዶች እየሠሩ ነው። ብዙዎቹ ሞተር የላቸውም፤ ነፋስ ሲቆም አነስተኛ ጎታች ጀልባ ገመድ አስራ ታሻግራቸዋለች። የጎታችዋ ነዳጅ በነፍስ ወከፍ ከሚጠየቀው የሌሊት ዋጋ ውስጥ ነው፤ ተከራዩ ለብቻው አያየውም፣ ፕሮግራሙም በነፋስ ምክንያት አይራዘምም። የዋጋ ዝርዝሮቹ ምግቡን፣ አስጎብኚውን፣ አንዳንዴም የመግቢያ ቲኬቱን ይጠቀልላሉ። መጠጡ ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፤ የመርከበኞቹ ጉርሻም እንዲሁ። በዚህ ጉዞ ላይ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በጀቱን ሲጽፍ ጉርሻውን በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን ከላይ፣ ከኪራዩ ቀጥሎ ቢያስገባው፣ በቡላቅ ወደብ ይዋዋሉ ከነበሩት አብዛኞቹ ሰዎች ይልቅ ትክክለኛውን ሒሳብ ይዟል።